አድማጭን ማስተማር፤ የካርል ሮጀርስ ሕይወት

የሰውን ጭንቀት አድምጦ መርዳት በዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ የሚችል ትምህርት ነውን? ወይስ ከተፈጥሮ የሚገኝ ስጦታ ሆኖ ትምህርት የሚጨምርለት የምስክር ወረቀት ብቻ ነው? በዚህ ሙያ ያለን፣ በተለይም ወጣቶችን ለማሠልጠን የተመደብን፣ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲሶቹ ተማሪዎች ሲመጡ እናነሣዋለን፤ ሰኔ ላይ ደግሞ መልሱን ሳናገኝ እንሸኛቸዋለን። የመጽሔታችን አዘጋጆች በሙያው ታሪክ ስሙ ከታወቀ ሰው የአንዱን ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ካርል ሮጀርስን የመረጥኩት ስለዚህ ነው። ስለ ሮጀርስ ንድፈ ሐሳብ በየመማሪያ መጽሐፉ ተጽፏል። እኔ ልተርክ የምወደው ስለ አሠልጣኙ ሮጀርስ ነው፤ ይኸውም ሳይኮቴራፒን ከተዘጋ ክፍል አውጥቶ ተማሪ ሊሰማውና ሊለማመደው የሚችል የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ስላደረገው፣ ያስተማረው ነገር በሌሎች አፍ ባዶ ልማድ ሲሆን ስላየው፣ በመጨረሻም የዩኒቨርሲቲውን ወንበር በገዛ ፈቃዱ ትቶ ስለ ወጣው ሰው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ራንሰም ሮጀርስ ጃንዋሪ 8 ቀን 1902 በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ ኦክ ፓርክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነው። አባቱ በምህንድስና የሠለጠነ፣ በሕንፃ ተቋራጭነት የበለጸገ ሰው ነበር። ወላጆቹ ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ ፕሮቴስታንቶች ስለ ነበሩ መጠጥ፣ ካርታ፣ ጭፈራና ቲያትር በቤታቸው ፈጽሞ የተከለከሉ ነበሩ፤ ሮጀርስ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለስላሳ በጠጣ ጊዜ እንኳ ኃጢአት የሠራ ያህል ተሰምቶት እንደ ነበር ኋላ ተርኳል። 12 ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ልጆቻቸውን ከከተማ ፈተና ለማራቅ ብለው ከቺካጎ በስተ ምዕራብ ወደሚገኝ እርሻ ወሰዷቸው። ብቸኛ ልጅ ነበር፤ ጓደኞቹ መጻሕፍትና በጫካው ውስጥ የሚያሳድዳቸው ትልልቅ የሌሊት ቢራቢሮዎች ነበሩ። አባቱ እርሻው በሳይንስ ዘዴ እንዲካሄድ ይፈልግ ስለ ነበር፣ ልጁ ስለ ከብት መኖ የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ እያነበበ ሙከራ እንዴት እንደሚደረግና ማነጻጸሪያ የሚሆነው ወገን እንዴት እንደሚለይ ተማረ። ይህ የመኖ መጽሐፍ ለኋላ ሥራው ከፍሮይድ መጻሕፍት የበለጠ ሳይጠቅመው አልቀረም ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በ1919 ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የገባው እርሻ ለማጥናት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን በአንድ የወጣቶች ሃይማኖታዊ ጉባኤ ልቡ ተነክቶ የወንጌል አገልጋይ ለመሆን ስለ ወሰነ ወደ ታሪክ ትምህርት ተዛወረ። በ1922 የዓለም ክርስቲያን ተማሪዎች ፌዴሬሽን በቻይና፣ ፔኪንግ ላይ ላደረገው ጉባኤ ከአሜሪካ ከተመረጡት ተማሪዎች አንዱ ሆኖ ተጓዘ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሌላ እምነትና ሌላ አስተሳሰብ ያላቸውን ቅን ሰዎች በቅርብ ማየቱ የወላጆቹን ሃይማኖት እንዲመረምር አደረገው፤ ያሰበውንም ሁሉ ሳይሸሽግ ወደ ቤቱ ይጽፍ ነበር። በዚያን ዘመን ደብዳቤ ባሕር አቋርጦ እስኪደርስና መልሱ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ይወስድ ስለ ነበር፣ የወላጆቹ ቁጣ ሲደርሰው እርሱ ከልጅነት እምነቱ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ከተመለሰ በኋላ በአንጀት ቁስለት ታሞ ቤት ሲውል በተልእኮ አንድ የሳይኮሎጂ ትምህርት ተከታተለ። በመጀመሪያ ዲግሪው ዘመን የወሰደው የሳይኮሎጂ ትምህርት ይኸው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ የሚያስታውሰው ውሻ ማሰብ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ከመምህሩ ጋር በደብዳቤ መከራከሩን ነበር።

በ1924 ተመርቆ በልጅነት የሚያውቃትን ሔለን ኤልየትን አገባና ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። አባቱ ወግ አጥባቂ ወደ ሆነው የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ከገባ ወጪውን ሁሉ እንደሚችልለት ቃል ቢገባም፣ ልጁ በለዘብተኛነቱ የታወቀውን ዩኒየን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት መረጠ። እዚያም እርሱና ጓደኞቹ መምህር የማያስተምርበት፣ የትምህርቱ ርእስ የራሳቸው ጥያቄ ብቻ የሆነበት ሴሚናር እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። አንድ ወጣት መምህር ቢቀመጥም ካልጠየቁት በቀር እንዳይናገር ተስማሙ። ከዚያ ሴሚናር ብዙዎቹ የክህነትን ሐሳብ ትተው ወጡ፤ ሮጀርስም አንዱ ነበር። አንድን እምነት ካላመንሁ ከእንጀራዬ እባረራለሁ በሚል ፍርሃት ውስጥ መኖር አልፈለገም። ብሮድዌይ የሚባለውን ጎዳና ተሻግሮ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ገባ።

በዚያ ያገኘው ሳይኮሎጂ የቁጥርና የመለኪያ ሳይኮሎጂ ነበር። ከ1927 ጀምሮ ደግሞ በኒው ዮርክ አዲስ በተቋቋመው የሕፃናት ምክር ተቋም ልምምድ ሲያደርግ ያገኘው የፍሮይድን መንገድ የተከተለ፣ ስለ ሕልምና ስለ ተጨቆነ ስሜት የሚነጋገር ቤት ነበር። ጠዋት የሰማውን ከሰዓት በኋላ ቢናገረው ይሳቅበት ነበርና ወጣቱ በሁለት ዓለም መካከል ይመላለስ ጀመር። ደመወዙን በሚመለከት የሆነውን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። 2,500 ዶላር እንደሚከፈለው ከተነገረው በኋላ ይህ ገንዘብ ለአእምሮ ሐኪሞች እንጂ ለሳይኮሎጂስት እንዳልሆነ፣ ለእርሱ የሚገባው 1,200 ዶላር መሆኑ ተገለጠለት። በብርቱ ቃል ተከራክሮ ሙሉውን አገኘ። በሐኪምና በሳይኮሎጂስት መካከል ያለው ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል።

በ1928 በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው በሮቸስተር ከተማ በሕፃናት ላይ ግፍ እንዳይደርስ በሚከላከል ማኅበር ውስጥ ተቀጠረ፤ የዶክትሬት ዲግሪውን በ1931 ያገኘው እዚያ እየሠራ ነው። 12 ዓመት ቆየ። ከፍርድ ቤትና ከልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚላኩ፣ የሰረቁ፣ ከቤት የኮበለሉ፣ የተጣሉ ልጆች ነበሩ የሚመጡለት። ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ የሚሠራው ዘዴ የትኛው ነው? ዲግሪው ያስተማረው ብዙው ነገር እዚያ አልሠራም። በየቦታው እሳት የሚለኩስ አንድ ልጅ ነበር። ሮጀርስ በታወቁ ሊቃውንት መጻሕፍት እየተመራ ልጁን በተከታታይ አነጋግሮ የድርጊቱ ሥር በፍትወት ነክ ጭንቀት ላይ መሆኑን አገኘ። ለልጁም አስረዳው። ነገሩ እንደ መጽሐፉ ተፈጸመ። ልጁ ግን በአመክሮ እንደ ተለቀቀ ተመልሶ እሳት ለኮሰ። ሌላም ጊዜ በሥራው መጀመሪያ እጅግ ያደንቀው የነበረውን፣ ከአንዲት እናት ጋር የተደረገ የታተመ ቃለ ምልልስ ከዓመታት በኋላ አውጥቶ ቢያነበው እንደ ብልህ ዐቃቤ ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ ሆኖ ታየው። ሴትዮዋን ማጥመድ እንጂ መርዳት አልነበረም።

ከሁሉ የበለጠው ግን የሌላ እናት ታሪክ ነው። ልጇ አስቸጋሪ ነበር፤ የችግሩም ምንጭ እርሷ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልጁን ስላልተቀበለችው መሆኑ ለሮጀርስ ግልጽ ሆኖለት ነበር። ይህን እንድታይ በትዕግሥት፣ በጥንቃቄ፣ በልዩ ልዩ መንገድ ሞከረ። ስለ አልተሳካ ሁለታችንም ሞክረናል፣ እዚህ ላይ ብናቆም ይሻላል አላት፤ እርሷም ተስማማች። ተሰናብታ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ግን ዘወር ብላ እዚህ ቤት ለዐዋቂዎች ምክር ይሰጣል ወይ ብላ ጠየቀችው። እንደሚሰጥ ሲነግራት ተመልሳ ተቀመጠችና ለሳምንታት ካወራችለት የተስተካከለ የልጅ ታሪክ ፈጽሞ የተለየ፣ ስለ ትዳሯና ስለ ራሷ መከራ የሚናገር የተዘበራረቀ ነገር ማፍሰስ ጀመረች። ያን ጊዜ እርሱ ያደረገው ማዳመጥ ብቻ ነው። እርሷም ተሻላት፤ ልጇም ተሻለው። ሮጀርስ ከዚህ ያገኘው ትምህርት የሚያመውን ቦታ የሚያውቀው ራሱ ባለጉዳዩ ስለ ሆነ መንገዱን እንዲመራ መተው እንደሚገባ ነው። በ1936 ከፍሮይድ የተለየው ኦቶ ራንክ ሮቸስተር መጥቶ ባደረገው አጭር ሴሚናርም ለዚህ ሐሳብ ማጠናከሪያ አገኘ። ይሁንና እኔ እንደማምነው ዋናዋ መምህርቱ በሩ ላይ ዘወር ያለችው ሴት ናት።

ሮጀርስ በኋላ ያደረገውን ለመመዘን በዚያን ጊዜ ሳይኮቴራፒ እንዴት ይማሩት እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1920 በበርሊን የተከፈተው የሳይኮአናሊሲስ ክሊኒክ ያቆመው ሥርዓት በየአገሩ ይሠራበት ነበር። ተማሪው ራሱ ይታከማል፤ ንድፈ ሐሳብ ይማራል፤ ከዚያም በአንድ ዐዋቂ ክትትል ሥር ሕሙማንን ይይዛል። ይህ ሁሉ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ በግል ተቋሞች የሚደረግ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከ1938 ጀምሮ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበሩ በሩን ከሐኪሞች በቀር ለሌላ ሙያተኛ ዘጋ። ክትትሉም የሚደረገው ተማሪው ከክፍሉ ወጥቶ ያስታወሰውን ለመምህሩ በሚነግረው ላይ ተመሥርቶ ነው። ማንም ሰው ደግሞ የራሱን ስሕተት ሲያስታውስ በራሱ ላይ አይጨክንም። በተዘጋው በር ውስጥ በእርግጥ ምን እንደ ተባለ ከሁለቱ ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በ1940 ሮጀርስ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። በዚያም ለከፍተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በምክርና በሳይኮቴራፒ የተግባር ልምምድ ከፈተ፤ ተማሪው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በመምህሩ ክትትል፣ እውነተኛ ችግር ይዞ የመጣ ሰው ያነጋግራል። እርሱ እንደሚያውቀው ከዚያ በፊት በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ትምህርት አልተሰጠም። ክትትሉ በትዝታ ላይ እንዳይመሠረት በርናርድ ኮቭነር ከሚባል ተማሪው ጋር የድምፅ መቅረጫ አቆመ። ያን ጊዜ ቴፕ አልነበረም። ድምፅ የሚቀረጸው በሸክላ ላይ ሲሆን አንዱ ሸክላ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለ ነበር፣ ሁለት መሣሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥል ነበር፤ በየሦስት ደቂቃው ሸክላ የሚለውጥ ሰው መቆም ነበረበት። ከዚያ ሸክላው ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል። ለአንድ ሰዓት ንግግር ስንት ሸክላ፣ ስንት የጽሕፈት ሰዓት እንደሚፈጅ አንባቢ ይገምት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንኛውም አሠልጣኝ ይረዳዋል። ተማሪዎቹ፣ መምህሩም ጭምር፣ የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። አድማጭ ነኝ ያለው አብዛኛውን ሰዓት ሲናገር ተገኘ። አልመራም ያለው በጥያቄው ባለጉዳዩን ወደ ወደደው ሲወስድ ተሰማ። አንድ ሰው ስሜቱን ሊናገር ሲል በየትኛው ቃል እንደ ተመለሰ፣ በየትኛው ቃል ልቡ እንደ ተከፈተ በጣት ማሳየት ተቻለ። ኮቭነር ከንግግሩ በኋላ ተጽፈው የሚቀርቡትን ሪፖርቶች ከሸክላው ጋር ባነጻጸረ ጊዜም ከተባለው ነገር ብዙው ሳይጻፍ እንደ ቀረ ታወቀ። በ1942 ሮጀርስ ምክርና ሳይኮቴራፒ የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ኸርበርት ብራያን የሚል የውሸት ስም ከተሰጠው ሰው ጋር የተደረጉትን ስምንት ውይይቶች ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አሳተማቸው። አሳታሚው ኪሳራ እንዳይደርስበት 2,000 ቅጂ መሸጥ ያስፈልገው ነበርና መጽሐፉን ማን ይገዛዋል በማለት አመንትቶ ነበር። መጽሐፉ ከዚያ እጅግ በላቀ ቁጥር ተሸጠ።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። ሮጀርስ ታካሚ የሚለውን ትቶ በሕግ ባለሙያ ዘንድ እንደሚባለው ባለጉዳይ ማለት የመረጠው ሰውዬው ነገሩን የሚያውቅና የሚወስን መሆኑን ለማመልከት ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል ያለ ችግር ይገባል፤ የሚያስቸግረን ሌላው ነው። ምክር ስንል ዐዋቂ ለማያውቅ የሚሰጠው፣ ሽማግሌ ለተጣሉት፣ የንስሐ አባት ለልጁ የሚናገረው ቃል ነው። አማካሪ ዘንድ የሄደ ሰው ምንም ሳይመከር ቢመለስ የተታለለ ይመስለዋል። ሮጀርስ ያስተማረው ምክር ግን ባለመምከር የሚፈጸም ነው። ይህን ለተማሪ ማስረዳት ከንድፈ ሐሳቡ ሁሉ ይበልጥ ጊዜ እንደሚወስድ ያስተማረ ሁሉ ያውቃል።

በ1945 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የምክር አገልግሎት ማዕከል አቋቋመ። ጊዜው ጦርነቱ ያበቃበት ነበር፤ ከግንባር የተመለሱት ወታደሮች ብዙ፣ የሚረዷቸው ባለሙያዎች ግን ጥቂቶች ነበሩ። የቀድሞ ጦር ሠራዊት ጉዳይ መሥሪያ ቤት አማካሪዎችን በቶሎ እንዲያሠለጥን ስለ ጠየቀው፣ ከ1946 ጀምሮ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ቡድን በቡድን እየሆኑ ለስድስት ስድስት ሳምንት በማዕከሉ ሠለጠኑ። በዚህ ሥልጠና ንግግር ጥቂት፣ ልምምድ ብዙ ነበር። ሠልጣኙ የተቀረጹ ውይይቶችን ይሰማል፣ ከጓደኛው ጋር ይለማመዳል፣ ሳይውል ሳያድር እውነተኛ ባለጉዳይ ይቀበላል። ራሱም መታከም ቢፈልግ በሩ ክፍት ነው፤ ግን አይገደድም፤ አንድ ሰው በግዴታ ራሱን ይከፍታል ብሎ ሮጀርስ አያምንም ነበርና። በማዕከሉ አስተዳደርም ፕሮፌሰሩ፣ ተማሪውና ጸሐፊዋ እኩል ድምፅ ነበራቸው። በአንጻሩ የዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ማዕከሉ ያለ ፈቃድ ሕክምና ይሰጣል በማለት እንዲዘጋ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር። አልተዘጋም።

ይሁን እንጂ የሮጀርስ ፈተና ከባላንጣዎቹ ይልቅ ከተከታዮቹ መጣ። በኦሃዮ ሸክላውን እያሰማ ሲያስተምር አንድ ዘዴ ነጥሮ ወጥቶ ነበር፤ ባለጉዳዩ የተናገረውን ስሜት በሌላ ቃል መልሶ ማንጸባረቅ። ዘዴው ግልጽ ስለ ሆነ ለማስተማር ይመቻል፤ ለፈተናም ይመቻል። ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው ተስፋፋ፤ ሲስፋፋም የሰውን የመጨረሻ ቃል እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም፣ አንገቱን እየነቀነቀ እህ የሚል አማካሪ ወለደ። ቀልደኞች በየስብሰባው መሳቂያ አደረጉት። ሮጀርስ በዚህ እጅግ ስለ ተጎዳ ለብዙ ዓመታት ስለ ማዳመጥ ዘዴ መናገር ትቶ ስለ አድማጩ ሰው አቋም ብቻ መናገር ጀመረ፤ ወደ ርእሱ በሙሉ ልብ የተመለሰው በ1975 ባወጣው ጽሑፍ ነው። እኔ ግን ጥፋቱ የተከታዮቹ ብቻ ነው አልልም። ማንኛውም ሙያ ትምህርት ሲሆን መጀመሪያ የሚተላለፈው በዐይን የሚታየው ነገር ነው፤ ሮጀርስ ደግሞ ነገሩን እንዲታይና እንዲሰማ ያደረገ ሰው ነበር።

ዘዴው ብቻ እንደማይበቃ በራሱ ላይ የደረሰው መከራ አሳየው። በ1949 ገደማ ከኦሃዮ ጀምሮ የሚያውቃትና አእምሮዋ በጽኑ የታመመ አንዲት ባለጉዳይ ይረዳ ነበር። ሁኔታዋ በከፋ ቁጥር ይበልጥ ጊዜ ሰጣት፤ ይበልጥ በሰጣት ቁጥር እርሷ የፈለገችው ከሙያው ወሰን እያለፈ ሄደ። መቀበል አለብኝ የሚለው መመሪያው ወሰን እንዳያበጅ አሰረው፤ በመጨረሻም የእርሷን ስሜት ከራሱ ስሜት መለየት አቃተው። አእምሮዬን ልስት ነው ብሎ በፈራበት ቀን አንድ የአእምሮ ሐኪም እንዲረከባት አድርጎ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሚስቱ ጋር በመኪና ከተማዋን ለቆ ወጣ። ሁለት ሦስት ወር ያህል በስደት ቆየ። ሲመለስም አልዳነም፤ በሰውነቱም በሙያውም ዋጋ እንደሌለው ይሰማው ነበር። ያን ጊዜ እርሱ ራሱ ካሠለጠናቸው ወጣት ባልደረቦች አንዱ ረዳት እንደሚያስፈልገው ያለ ይሉኝታ ነገረውና ሊያክመው ፈቃደኛ ሆነ። መምህሩ የተማሪው ባለጉዳይ ሆኖ ተቀመጠ። ሮጀርስ ይህን አልሸሸገም፤ ኋላ በራሱ የሕይወት ታሪክ ጽፎታል። ለሌሎች እሰጠዋለሁ ያለውን መቀበል ለራሱ ሲሰጥ መውሰድ እንዳልቻለ ያወቀው በዚያ ወንበር ላይ ነው። ይህ ታሪክ ስለ ሥልጠናው ከየትኛውም ጥናት ይልቅ ይመሰክርለታል እላለሁ፤ ያሠለጠነው ሰው መምህሩን ማዳን ችሏልና።

የጥናቱም ዘመን ይኸው ነው። በ1954 ከሮዛሊንድ ዳይመንድ ጋር ያሳተመው መጽሐፍ ሕክምና የጀመሩትን ሰዎች ተራቸውን ከሚጠብቁትና ሕክምና ካልጠየቁት ጋር አነጻጸረ። የመኖው መጽሐፍ ትምህርት እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ። በ1956 የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ለከፍተኛ ሳይንሳዊ አስተዋጽኦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሸለማቸው ሦስት ሊቃውንት አንዱ ሆነ። በ1957 ደግሞ ስመ ጥሩውን ጽሑፍ አወጣ። ሰው እንዲለወጥ የሚያስፈልገው የረዳቱ ውስጥና አፍ አንድ መሆን፣ ባለጉዳዩን ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበርና ዓለሙን በእርሱ ዐይን ማየት ሲሆን፣ ይህም ለባለጉዳዩ ሲሰማው በቂ ነው አለ። ከዚህም አልፎ እነዚህን ለማግኘት ልዩ ምሁራዊ ዕውቀት እንደማያስፈልግ፣ የሚገኙትም በኑሮ ልምምድ መሆኑን ጻፈ። ልብ እንበል፤ ይህን የሚለው በዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ለዶክትሬት የሚያበቃ ፕሮፌሰር ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች በረዳትና በተረጂ መካከል ያለው ግንኙነት ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ደጋግመው አሳይተዋል። ብቻውን ለሁሉ ሕመም ይበቃል የሚለው ግን አልተረጋገጠም፤ በእኔም አስተያየት ሮጀርስ በዚህ ቃል ላይ ቸኩሏል። በቺካጎ የመጡለት በአብዛኛው ንግግር የሚችሉ፣ ተማሪዎችና የተማሩ ሰዎች ነበሩ።

ይህን ጉድለት ራሱም ሳያውቀው አልቀረም። በ1957 ወደ ልጅነት ዩኒቨርሲቲው ወደ ዊስኮንሲን የሄደው በሳይኮሎጂና በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች በአንድነት ተሹሞ ጽኑ ሕሙማንን ለመርዳት ነበር። በሜንዶታ ሆስፒታል በስኪዞፍሬኒያ የታመሙ ሰዎች ጋር የተደረገው ጥናት ግን በመከራ የተሞላ ሆነ። ሕሙማኑ ዝም አሉ፤ አንዳንዶቹ ጨርሶ መምጣት አልፈለጉም። ስሜትን መልሶ ማንጸባረቅ የተነገረ ስሜት ይፈልጋልና ሠልጣኞቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከመረጃው ከፊሉ ጠፍቶ ሥራው ዳግመኛ ተሠራ፤ ባልደረቦቹም እርስ በርስ ተጣሉ። በ1967 የታተመው ውጤት በሕክምናው በአጠቃላይና በማነጻጸሪያው ቡድን መካከል ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላሳየም። በመረዳትና በእውነተኛነት ከፍ ያሉ ረዳቶች ያገኙት ሕሙማን የተሻለ ውጤት ሲያሳዩ፣ በእነዚህ ዝቅ ያሉት የያዟቸው ግን እንዲያ አልሆኑም።

በዚያው በዊስኮንሲን ሁለተኛ ጠብ ነበረው፤ እርሱም ከገዛ ክፍሉ ጋር ነው። በጥንቃቄ ተመርጠው ከገቡት የከፍተኛ ዲግሪ ተማሪዎች እስከ መጨረሻው የሚዘልቁት ጥቂቶች ነበሩ። ፈተናዎቹ ቃላትና ስታቲስቲክስ ያስታወሰውን እንጂ ሰው ፊት መቀመጥ የሚችለውን አይለዩም ነበር። ሮጀርስ እየተጣሉ የወጡት ተማሪዎች አንዳንዶቹ ሙያው የሚፈልጋቸው እንደ ሆኑ ያምን ነበርና ተከራከረ፤ አልሰሙትም። በ1963 ከሳይኮሎጂ ክፍሉ ለቀቀ። ስለ ከፍተኛ ትምህርት የጻፈውንም የቁጣ ጽሑፍ የማኅበሩ መጽሔት አላትምም ስላለ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የታተመው በ1969 የመማር ነጻነት በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ ነው። ከዓመታት በፊት የዚያ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስገርማል።

በ1964 ወደ ካሊፎርኒያ፣ ላ ሆያ ሄዶ ዳግመኛ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወንበር አልተመለሰም። በዚያው ዓመት ከፍሪትስ ፐርልስና ከአልበርት ኤሊስ ጋር በየተራ አንዲት ግሎሪያ የምትባል ሴት ሲያነጋግሩ ፊልም ተነሣ። በ1965 የወጣው ይህ ፊልም እስከ ዛሬ በብዙ አገር ለተማሪዎች ይታያል። ወጣቶች ሲያዩት መጀመሪያ የሚያስተውሉት ሮጀርስ ምን ያህል ጥቂት ነገር እንዳደረገ ነው፤ ሁለተኛ ሲያዩት ግን ፊቱን መመልከት ይጀምራሉ። ቀሪ ዘመኑን በቡድን ውይይትና በተጣሉ ወገኖች መካከል በመሸምገል አሳለፈ። ሔለን በ1979 ሞተች፤ እርሱ ግን አላረፈም፤ በ1982 ደቡብ አፍሪካ፣ በ1985 ኦስትሪያ ሄደ። በ1975ቱ ጽሑፉ ደግሞ ሌላውን መረዳት ከንግግር ሳይሆን ከሚረዳ ሰው ዘንድ የሚማሩት ነገር እንደ ሆነ፣ ከአእምሮ ብሩህነትም ሆነ በሽታን ለይቶ ከማወቅ ችሎታ ጋር እንደማይሄድ ጥናቶችን እየጠቀሰ አስረዳ። ስለዚህ ትምህርት ቤት አያስፈልግም አላለም። የሚያስፈልገው የሚያዳምጡ መምህራን ያሉበት ትምህርት ቤት ነው አለ፤ ያንንም በቺካጎ ለ12 ዓመት አቁሞ አሳይቶ ነበር።

በ1986 መጸው፣ በ84 ዓመቱ፣ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጉዞ በሞስኮና በትብሊሲ ከሳይኮሎጂ ባለሙያዎች ጋር ሰነበተ። በዓመቱ መጀመሪያ፣ በ1987 ጃንዋሪ ወር 85 ዓመት ሞላው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቤቱ ውስጥ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ልቡ ደክሞ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1987 በላ ሆያ ዐረፈ።